የደም ዕርቅና የሽማግሌዎች ሥራ

ሰው በሰው እጅ በሞተ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ይወለዳል። አንደኛው በገዳዩና በመንግሥት መካከል ያለው ክስ ነው፤ ይህንም ፖሊስ ይመረምረዋል፥ ዐቃቤ ሕግ ያቀርበዋል፥ ዳኛ ይፈርድበታል። ሁለተኛው በገዳዩ ወገንና በሟቹ ወገን መካከል የሚቀረው ደም ነው። የፊተኛው መዝገቡ ሲዘጋ ያልቃል፤ የኋለኛው ግን መዝገብ የሌለው ስለ ሆነ ዳኛው ሊዘጋው አይችልም። ይህን ሁለተኛውን ነገር የሚዘጉት ሽማግሌዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሽማግሌዎቹ ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩት፥ ስለ ምን እንደሚሳካላቸውና በማን ኪሣራ እንደሚሳካላቸው ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምናገረው በተለይ ስለ ሸዋና ስለ ወሎ ነው፤ ሌላውን ክፍል የማነሣው ለማነጻጸር ያህል ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሎቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ደም ያለባቸው ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው ደመኛ ይባላሉ። የሟቹን ደም ለመበቀል የሚነሣው ዘመድ ደም መላሽ ነው። ለሟቹ ወገን የሚከፈለው ካሣ በብዙ ስፍራ ጉማ ይባላል፤ ይህም ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም የሚነገር ነው። ዕርቁ ሲፈጸም ደሙ ደረቀ ይባላል። አንዳንድ ባልንጀሮቼ ሽምግልናን ከአውጫጭኝ ጋር ሲያደባልቁት ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የድሮው ሰው ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ አገሬውን ሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጣበት ዘዴ ነበረ። ሽምግልና ግን ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ የሚጀመር ሥራ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ለምናገረው ነገር ስለሚያስፈልግ አንባቢው ቢያስታውሰው መልካም ነው።

የመንግሥት ፍርድ ደሙን የማያደርቀው ስለ ምንድን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እንግዲህ ከከባድ ግድያ በቀር ነፍሰ ገዳይ የተባለው ሁሉ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። የሟቹ ልጅ አባቱ ሲሞት የ8 ዓመት ሕፃን ቢሆን ገዳዩ ከ12 ዓመት በኋላ ሲፈታ የ20 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ ይጠብቀዋል። በመንደሩ ዐይን እስራቱ ገዳዩ ለመንግሥት የከፈለው ዕዳ እንጂ ለልጁ የከፈለው አይደለም። ስለዚህ ልጁ ደሙን ካልመለሰ ወይም ሽማግሌ ካላስታረቀው በሰርግና በለቅሶ ላይ ሲታማ ይኖራል። ብዙ ሰው የሚሞተው በጥላቻ ሳይሆን በዚህ ዐይነቱ ሐሜት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደሙ ደግሞ በገዳዩ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ገዳዩ በእስር ቤት ሳለ ወንድሙ ወይም ያጎቱ ልጅ ሊገደል ይችላል፤ ለደም መላሹ ከወገኑ አንዱ ይበቃዋልና። ከዚህ የተነሣ የገዳዩ ዘመዶች እርሻቸውን ትተው ይሸሻሉ፥ ወደ ገበያ አይወጡም፥ ውሃ የሚቀዱበትንና ከብት የሚያጠጡበትን ስፍራ ይለውጣሉ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ስለ ስድስቱ የመማጸኛ ከተሞች የተጻፈውን ያነበበ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያም ሳያስበው ለገደለ ሰው ከደም ተበቃዩ መሸሻ ተደርጎለታል። በእኛ አገር መሸሻው ብዙ ጊዜ ሩቅ ያለ ዘመድ ቤት ወይም በረሃ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም መማጸኛ ነበረች።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ሽማግሌ ማለት ሽበት ያለው ሰው ሁሉ አይደለም። በደም ነገር የሚገባው ሰው ከሁለቱም ወገን በሥጋ የማይቀርብ፥ ቢቀርብም ለሁለቱም እኩል የሚቀርብ፥ ነገር የማያወጣና ንግግር የሚያውቅ መሆን አለበት። ደመወዝ የለውም። የሚሾመውም ባለሥልጣን የለም፤ ሁለቱ ወገኖች እሺ ካላሉት ሽማግሌነቱ ከመንገድ ይመለሳል። በወሎ በብዙ ስፍራ ከዚህ ሌላ አበጋር የሚባሉ የታወቁ አስታራቂዎች አሉ። በአበጋሩ ፊት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፥ ዱዓ ይደረጋል፥ ነገሩም በዚያ መካከል ይነገራል። አበጋሩን አልሰማም ያለ ሰው ርግማኑን ስለሚፈራ ቃሉ ከፖሊስ ጥሪ ይልቅ የሚከበርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሸዋ ግን ይህን ያህል የተለየ ሹመት የለም፤ ካህናት መስቀል ይዘው ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ይሄዳሉ።

ሥራው የሚጀመረው በገዳዩ ወገን ነው። የገዳዩ አባት ወይም ታላቅ ወንድሙ ሽማግሌዎቹን በስውር ይለምናል። እነርሱም ወዲያው አይሄዱም፤ ኀዘኑ ጥቂት እስኪበርድ ይቆያሉ። በዚህ መካከል የገዳዩ ወገን ከሟቹ ዘመዶች ዐይን እንዲርቅ ይመከራል፤ መንገድ ላይ መገናኘት ራሱ እንደ ድፍረት ይቈጠራልና። ጊዜው ደረሰ በተባለ ቀን ሽማግሌዎቹ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳሉ። ከደጅ ይቆማሉ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፤ እህል ቢቀርብላቸውም አይቀምሱም። ይህ ሁሉ ልመና ነው። ለእንግዳ መቀመጫ መስጠት ግዴታ በሆነበት አገር ሽማግሌ በደጅ ቆሞ ሲውል ባለቤቱን ታላቅ ጭንቀት ይይዘዋል።

የሟቹ ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢል ነውር ነው። ወንድማቸውን በርካሽ ሸጡት ይባላሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዕርቁ ከሸፈ ይል ይሆናል፤ ለሚያውቀው ግን እንቢታው የዕርቁ አንዱ ክፍል ነው። በየመመለሳቸው መካከል የሟቹ ወገን እርስ በርሱ ይመክራል፤ ቍጡው ይናገራል፥ አስተዋዩ ያዳምጣል፥ ሩቅ ያለው ዘመድ ይጠራል። ሽማግሌው የሚያመላልሰው እግሩን ብቻ ሳይሆን ጊዜን ነው ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ የሟቹ ወገን ነገሩን ለሽማግሌዎቹ ሲሰጥ ሁለቱም ወገኖች ዋስ ይጠራሉ። ዋሱ ወገኑ የሽማግሌውን ቃል እንዳያፈርስና እስኪፈጸም ድረስ እጁን እንዳያነሣ የሚያዝ ሰው ነው። ከዋሱ በኋላ ነገሩ ይሰማል፤ አገዳደሉ በድንገት ነበረ ወይስ ታስቦበት፥ ሟቹ አስቀድሞ ምን አድርጎ ነበር፥ ያለ አባት የቀሩት ልጆች ስንት ናቸው፥ ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ለየብቻ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹ ቃል ያመላልሳሉ። በዚህም አንዱ በቍጣ የተናገረው ቃል ለሌላው ለዝቦ ይደርሰዋል።

የጉማው አቈራረጥ ሊታይ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ የሚጠራው ገንዘብ ወይም ከብት የገዳዩ ወገን ሁሉ ተሰብስቦ እንኳ ሊከፍለው የማይችለው ያህል ከባድ ነው። የሟቹ ክብር የሚገለጸው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይለምናሉ፤ ስለ እግዚአብሔር ይህን ያህል ተው፥ ስለ እመቤታችን ይህን ያህል ተው፥ ስለ ነቢዩ ይህን፥ ስለ አገሩ ሽማግሌዎች ይህን እያሉ ያስቀንሳሉ። በስተመጨረሻ የሚቀረው ሊከፈል የሚችል ነው። የሟቹ ወገን ሲቀንስ ተሸነፈ አይባልም፤ ለአምላክና ለሽማግሌ ሰጠ ይባላል። የኢኮኖሚ ትምህርት የምንማር ሰዎች ይህን የዋጋ ክርክር ነው ብንለው እንሳሳታለን፤ በገበያ የሚቀንስ ሰው ከስሮ ነው፥ በዚህ ግን የሚቀንሰው ሰው ይከበራል። የሚከፈለውንም ገዳዩ ብቻውን አይከፍለውም፤ ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። ከሚያዋጡት መካከል ገዳዩን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ አሉ፤ ነገር ግን ደሙ በእነርሱም ላይ ነበረና የገዛ ራሳቸውን ሰላም ይገዛሉ።

በዕርቁ ቀን ገዳዩ ወይም ስለ እርሱ የቆመው ዘመድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አጎንብሶ ይቀርባል። በሟቹ ዘመዶች እግር ሥር ይወድቃል። እነርሱም ዝም ብለው ያቆዩታል፤ ከዚያ አንድ ታላቅ ሰው ድንጋዩን ከጫንቃው ያወርድለታል። በግ ይታረዳል፥ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ፥ ከእንግዲህ ወዲህ በደም እንዳይፈላለጉ ይምላሉ፥ ሽማግሌዎቹም ይመርቃሉ፤ መሐላውን የሚያፈርሰውን ደግሞ ይረግማሉ። አብሮ መብላቱ ለዐይን ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ገበያ መዋል ያልቻሉ ሰዎች ከዚያ በኋላ በአንድ ለቅሶ ሊቀመጡ የሚችሉት በዚሁ ገበታ ምክንያት ነው።

በውጭ አገር ያሉ ምሁራን ይህን የመሰለውን አሠራር የሚያስታርቅ ፍትሕ ይሉታል። አዲስ ሥራ ተብሎ የሚነገርለት መነሻው በካናዳ በኪችነር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የሆነው ነገር ነው። ሁለት ወጣቶች የ22 ሰዎችን ንብረት ባበላሹ ጊዜ የአመክሮ ሠራተኛው ከዳኛው ፈቃድ ተቀብሎ ወጣቶቹን ወደ ተበዳዮቹ ቤት እየወሰደ ኪሣራቸውን እንዲሰሙና እንዲከፍሉ አደረጋቸው። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከእኛው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። በኪችነር ሰው ከሰው ጋር ተገናኘ፤ በእኛ አገር የሚገናኘው ወገን ከወገን ጋር ነው። የሽምግልናችን ብርታትም ድካምም ያለው በዚህ ላይ ይመስለኛል። ወገን ሁሉ ስለ ዋሰ ዕርቁ አይፈርስም። ነገር ግን ወገን ሁሉ ስለሚናገር የተበደለችው አንዲት ሰው ድምፅ ላይሰማ ይችላል።

ስለ ሽምግልና የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ምስጋና ብቻ ስለ ሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በሽማግሌዎቹ ጉባኤ የሟቹን ወገን የሚወክሉት ወንድሞቹና አጎቶቹ ናቸው። ሚስቱ በጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳች ሳለች በብዙ ስፍራ ከጉባኤው አትቀመጥም፤ የሚቀበሉትም ጉማ በእጅዋ መድረሱ በወንድሞቹ በጎነት ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ የነበረው ሴት ልጅ ለደም ማድረቂያ የመስጠት ልማድ ነው። የገዳዩ ወገን አንዲት ልጃገረድ ለሟቹ ወገን በጋብቻ ይሰጣል፤ ከእርስዋ የሚወለደውም ልጅ የሁለቱም ደም ስለሚሆን ጠቡን ያስቀራል ይባላል። የአሳቡ ብልኀት ግልጽ ነው። ልጅቱ ግን ምንም ሳትገድል በደመኞችዋ ቤት ዕድሜ ልክ ትፈረድበታለች። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ስለሚጠይቅ ይህ ልማድ ዛሬ በሕግ ፊት መቆሚያ የለውም፤ ሽማግሌም ይህን ዐይነት ውል ማስፈጸም አይገባውም።

ሴቶች ከሰላም ሥራ ሁሉ ውጭ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስታገባ ሲንቄ የሚባል ዘንግ ይሰጣታል። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ከቆሙ ጠበኞቹ ማቆም አለባቸው፤ አልፎ የመታ ሰው ነውሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ጠብ የማስቆም ሥልጣን በሴቶች እጅ አለ፤ የሚጎድለው ካቆሙ በኋላ ነገሩ ሲታይ በጉባኤው ውስጥ ያለው ስፍራ ነው።

ሕጉ በሽምግልና ላይ ያለው አስተያየት ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። በድሮ ዘመን ፍርድ ቤት ነፍሰ ገዳዩን ለሟቹ ዘመዶች አሳልፎ ይሰጥ ነበርና ዘመዶቹ ወይ ይገድሉታል ወይ ጉማ ተቀብለው ይምሩታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግድያን ፈጽሞ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ቀድሞ የነበሩትን ልማዶች በሕጉ በተመለከቱት ጉዳዮች ሽሯል፤ ቢሆንም ያው ሕግ ከአንቀጽ 3318 ጀምሮ ለዕርቅ ስፍራ ሰጥቶታል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ በአንቀጽ 223 አጥቢያ ዳኛው ስድብን፥ ቀላል ድብደባንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ ያዝዝ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተ ሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል፤ ስለ ወንጀል ግን አላነሣም። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ሰጥቷል። ከሁሉ ይልቅ ለደም ዕርቅ የሚቀርበው ብዙ ሰው ልብ የማይለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ነው፤ እስረኛው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ ሊፈታ ከፈለገ የሚቻለውን ያህል ጉዳቱን የካሰ መሆኑ ይመረመራል። በዚህች ቀዳዳ የሽማግሌዎቹ ሥራ ወደ መንግሥት መዝገብ ይገባል።

ሽማግሌዎች ደም ከፈሰሰ በኋላ ብቻ ሳይሆን ሳይፈስም ሊያስቆሙ እንደሚችሉ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ መድረሱ በተሰማ ጊዜ የተቈጡ ወጣቶች በከተማው ውስጥ ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። እርጥብ ሣር በጋሞ የሰላም ምልክት ነው። ነገር ግን ወጣቶቹን የመለሳቸው ሣሩ ብቻ አይመስለኝም። የተንበረከኩት የገዛ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው ነበሩ፤ ልጅ በአባቱ ላይ ተራምዶ ማለፍ አይችልም። ባለሥልጣን ከሌላ ስፍራ ያመጣቸው ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይህ ይሆን ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዛሬ በየስብሰባው የአገር ሽማግሌ እየተባሉ ከፊት የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ የመረጣቸው ጠበኛው ካልሆነ ግን ማዕርጉ ከወንበሩ አያልፍም።

ይህ ነገር ዛሬ ትልቅ ጥያቄ ሆኖ በፊታችን ቆሟል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለባህላዊ የዕርቅ ሥርዐቶች ድርሻ ሰጥቷል። እንግዲህ ከላይ ያልኩትን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሽምግልና የሚጀመረው ገዳዩ በስሙና በወገኑ ከታወቀ በኋላ ነው። በጦርነት የገደለው ወታደር ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ቢታወቅም አገሩ ሩቅ ነው፤ ጉማውን የሚያዋጣለት፥ ዋስ የሚሆንለት ወገን በስፍራው የለም። ድንጋዩን ማን ይሸከማል? ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በኋላ ጋቻቻ የሚባለውን የመንደር ዳኝነት ለዚህ ዐይነት ሥራ አሰማርታ ነበር። በ2012 እስኪዘጋ ድረስ ከ12,000 በሚበልጡ ጉባኤዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክስ ታይቷል። ነገር ግን ያ ጋቻቻ በሕግ የተደነገገና እስራት የሚፈርድ ስለ ነበረ ከድሮው የጎረቤት ሽምግልና ስሙን እንጂ አሠራሩን ብዙም አልወሰደም። ደግሞም በዚያ ገዳዩና ተበዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኮረብታ ሰዎች ነበሩ።

በእኔ አስተያየት ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጉዳይ ሊሠሩት የሚችሉት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያደረገውን ነው፤ ጠቋሚው፥ ዘራፊው፥ የሰው እርሻ የያዘው ሰው በስሙ ይታወቃልና። የጦር አዛዡና የወታደሩ ነገር ግን የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ይህን ለሽማግሌ መስጠት ሽማግሌውን ከማዋረድ በቀር ፍሬ የለውም።

ስለ ሴቶቹም ቢሆን የሚቻል ነገር አለ። ዛሬ በብዙ ስፍራ ዕርቁ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሽማግሌዎቹ፥ ዋሶቹና የሁለቱ ወገን ወኪሎች ይፈርማሉ፥ ወረቀቱም ለአመክሮ ወይም ለይቅርታ ጥያቄ ይቀርባል። ይህን ወረቀት የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የሟቹ ሚስት ወይም እናት ለብቻዋ ተጠይቃ የፈረመችበት መሆኑን ሳያይ አልቀበልም ቢል አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። ሽማግሌዎቹም እርስዋን ሳይሰሙ ወረቀቱ እንደማያልፍ ካወቁ ጎሕ ሲቀድ ከሟቹ ደጅ በቆሙበት ቀን ማንን አስጠርተው እንደሚለምኑ ያስቡበታል።